ውሻው ይሂድ ወይስ ይቅር?
ዝናብ በሚዘንብበት ተራራ ላይ ስለሚያድር ሰው፣ ስለ ሙቀትና ስለ ቀይ ቀበሮ

በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀይሌ ጋርመንት እየተባለ በሚጠራው ሰፈር የሚኖር ሰው የክረምቱን ሌሊት በሁለት ድምፆች ያውቀዋል። አንደኛው በቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሲሆን ሁለተኛው የውሾች ጩኸት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የሰፈሩ ነዋሪ እንደመሆኑ ሁለቱንም ለምዷቸዋል። ይሁን እንጂ ዝናብንና ውሻን አንድ ላይ አድርጎ በፊዚክስ ዓይን የመመርመር ሐሳብ የመጣለት በአንድ የሐምሌ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የምህንድስና ተማሪ የሆነው የጎረቤቱ ልጅ ቡቺ የተባለውን ውሻውን በገመድ እየጎተተ በመጣ ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ ነሐሴ ውስጥ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ባሌ ተራሮች ሄደን ድንኳን ተክለን ልናድር ነው» አለኝ። «ቡቺን ይዘነው ብንሄድ ምን ይመስልዎታል? ሌሊት ይጠብቀናል፤ ደግሞም ያሞቀናል። ውጭ አገር ድብ ባለበት ጫካ እንኳ ሰዎች ውሻ ይዘው ሲያድሩ በፊልም አይቻለሁ። እኛ አገር ደግሞ ድብ የለም፤ ታዲያ ምን ያስፈራል?»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት አስተያየቶች አሉ፤ ውሻ ያሞቃል፣ ውሻ ይጠብቃል፣ ድብ ከሌለ አደጋ የለም። ሦስቱም ለጆሮ ትክክል ይመስላሉ። በዚያው ቀን ግን በቂ መልስ ሳልሰጠው ቀረሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ጥቂት ስሌት የሚጠይቅ ነበር።

የተራራው ቅዝቃዜ

በመጀመሪያ ስለ ቦታው እንነጋገር። ሀይሌ ጋርመንት ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል የሆነው የሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር ያህል ይደርሳል። በአምባው ላይ ያለው ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ሲሆን ቁመቱ 4,377 ሜትር ነው። (በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ያለው ቱሉ ዲምቱም በኦሮምኛ ያው «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። በስም አንድ ቢሆኑም ያኛውን በታክሲ መድረስ ይቻላል።)

አየር ወደ ላይ ሲወጣ በዙሪያው ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ከራሱ የውስጥ ጉልበት ስለሚያወጣ ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሙቀት ይቀንሳል። በሀይሌ ጋርመንትና በሳነቴ መካከል ያለው የ1,800 ሜትር ልዩነት ስለዚህ ወደ 12 ዲግሪ ይጠጋል ማለት ነው። እዚህ ሰፈር የሌሊቱ ሙቀት 11 ወይም 12 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት፣ እዚያ ላይ ዝናቡ በረዶ ለመሆን በቋፍ ላይ ያለ ውሃ ነው። በበጋ ደመና የሌለበት ሌሊት ከዚህም የባሰ ይበርዳል፤ ነገር ግን የበጋው ብርድ ደረቅ ነው። በደረቅና በእርጥብ ብርድ መካከል ያለው ልዩነት በቴርሞሜትር ላይ አይታይም፤ በሰው ላይ ግን ይታያል።

አንድ ሊትር ውሃ

ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ሰውነት ከ80 እስከ 100 ዋት የሚደርስ ሙቀት ያመነጫል። ይህ የአንድ ትልቅ አምፖል ያህል ነው። ልብስ ሙቀት አይፈጥርም፤ ሥራው ይህ ሙቀት በፍጥነት እንዳያመልጥ ማዘግየት ብቻ ነው። ይህንንም የሚያደርገው በክሩ ሳይሆን በክሮቹ መካከል በተያዘው አየር ነው። አየር ሙቀት ለማስተላለፍ እጅግ ሰነፍ ነው። ውሃ ግን ከአየር ከሃያ ጊዜ በላይ የተሻለ አስተላላፊ ነው። ጋቢ ሲረጥብ በክሮቹ መካከል የነበረውን አየር ውሃ ይተካዋል፤ ሰውየውም ጋቢ ለብሶ ሳለ ጋቢ እንዳልለበሰ ይሆናል።

ይህ ግን የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ወደ ተን ለመለወጥ 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ይፈልጋል። አሁን ተማሪያችን በመንገድ ላይ ዝናብ መትቶት፣ ልብሱ አንድ ሊትር ውሃ ይዞ ወደ ድንኳኑ ገባ እንበል። (ለአንድ ጂንስ ሱሪና ለአንድ የጥጥ ሹራብ ይህ ብዙ አይደለም።) «በላዬ ላይ ይደርቃል» ብሎ ቢተኛ የማድረቂያው ወጪ የሚከፈለው ከራሱ ሰውነት ነው። 2,400,000 ጁልን ለ100 ዋት ስናካፍል 24,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ እናገኛለን። ሌሊቱን ሙሉ ሰውነቱ የሚያመነጨው ሙቀት በሞላ ልብስ ለማድረቅ ይውላል፤ ለራሱ ለሰውየው የሚተርፍ የለም። ሰውነት ይህን ጉድለት ለመሙላት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መንቀጥቀጥ የጡንቻ ሥራ በመሆኑ የሙቀት ምርቱን ብዙ እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ ነገር ግን ስንቁ ሲያልቅ ያቆማል። የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ሃይፖተርሚያ የተባለው ሁኔታ ይጀምራል። ምላስ ይተሳሰራል፣ ጣት አይታዘዝም፣ ፍርድም ይዛባል። አደገኛነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የበረደው ሰው ስለ ራሱ ሁኔታ የሚሰጠው ምስክርነት የማይታመን ይሆናል። ጓደኛው የሚንቀጠቀጥ የነበረ ሰው መንቀጥቀጡን ቢያቆም «ተሻለው» ብሎ ከመደሰት በፊት ሊያናግረው ይገባል።

በመሆኑም ለመኝታ የሚሆን አንድ ደረቅ ልብስ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ምንም ቢመጣ ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ከጥጥ ይልቅ ሱፍ ይመረጣል። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ወደ ክሩ ውስጥ ሳብ አድርጎ እንኳ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ይመስላል፤ ክሩም ስፕሪንግ መሰል ጥምዝ ስለሆነ ቢረጥብም አየሩን በቀላሉ አይለቅም። የመንዝ ደገኛ ባናና በርኖስ ይህን ከማንኛውም የፊዚክስ መምህር ቀድመው ያወቁ ሸማኔዎች ሥራ ናቸው። በስሙ ውስጥ «ጋርመንት» የሚል ቃል ተሸክሞ በሚኖር ሰፈር ያደጉ ልጆች ጂንስ ለብሰው ተራራ ሊወጡ መነሣታቸው ትንሽ አስገርሞኛል።

ከላይ የሚወርደውን ሁሉም ያስባል፤ ከታች ያለውን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የተኛ ሰው ከመሬት ጋር የሚገናኘው የሰውነቱ ስፋት ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ነው። በእርሱና በመሬቱ መካከል የ25 ዲግሪ ልዩነት ቢኖርና ከሥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ስፖንጅ ቢነጠፍ፣ ወደ መሬት የሚያልፈው ሙቀት 50 ዋት ገደማ ይሆናል። ያው ስፖንጅ ውሃ ከጠጣ ስሌቱ ከ500 ዋት በላይ ይሰጠናል። ከሥር ያለው አፈርም እየሞቀ ስለሚሄድ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ነው፤ ያም ቢሆን አቅጣጫው ግልጽ ነው። የድንኳኑ ቦታ ውሃ የማይተኛበት፣ ጥቂት ተዳፋት ያለው መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ከርዕሴ ጥቂት ብወጣም ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ብርድ የጠናበት ሰው የሚመኘው ከሰል ነው። በድንኳን ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ከብርዱም፣ ከዝናቡም፣ ከአውሬውም ሁሉ የከፋ አደጋ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የመያያዝ ብርታቱም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በ4,000 ሜትር ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ስድሳ በመቶ ገደማ በመሆኑ ኦክሲጅኑ ከመጀመሪያውም ያነሰ ነው። የረጠበ ድንኳን ቀዳዳዎቹ በውሃ ስለሚደፈኑ ከደረቁ ይልቅ አየር ያፍናል። ከሰሉ «ፍም ብቻ ሆኗል፣ ጭስ የለውም» የሚለው ማጽናኛ ምንም ዋጋ የለውም፤ የሚገድለው ጭሱ አይደለምና።

የረጠበ ውሻ ስሌት

አሁን ወደ ቡቺ እንመለስ። የእንስሳት የሙቀት ምርት ከክብደታቸው ጋር በቀጥታ አያድግም፤ ክብደቱ ወደ ሦስት አራተኛ ኃይል ከፍ ሲል ከሚገኘው ቁጥር ጋር ይመጣጠናል። በዚህ ስሌት 27 ኪሎ ግራም የሚመዝን ትልቅ ውሻ ዕረፍት ላይ ሲሆን 40 ዋት ያህል ያመነጫል። የውስጥ ሙቀቱም ከሰው አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ «ያሞቀናል» የሚለው የተማሪው አስተያየት ውሻው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ውሻ ዝናብ ሲመታው በጸጉሩ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል። ይህን ውሃ በሰውነቱ ሙቀት ብቻ ለማድረቅ ቢሞክር 1.2 ሚሊዮን ጁል ያስፈልገዋል፤ ለ40 ዋት ሲካፈል ከስምንት ሰዓት በላይ ነው። ውሻ ግን ይህን ወጪ የሚያስቀርበት ድንቅ ዘዴ አለው፤ ራሱን ያራግፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዴቪድ ሁ እና ባልደረቦቹ ከጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ባሳተሙት ጥናት፣ ልዩ ልዩ የረጠቡ እንስሳት ሲራገፉ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ፍጥነታቸውን ለክተዋል። አይጥ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል፣ ውሻ ከ4 እስከ 5 ጊዜ፣ ድብ ደግሞ 4 ጊዜ ገደማ ይራገፋሉ። በዚህም ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ከጸጉራቸው ውሃ ሰባ በመቶ ያህሉን ያስወግዳሉ።

ትንሹ እንስሳ ለምን ይፈጥናል? ጠብታውን ከጸጉሩ ጋር የሚያጣብቀው የውሃ የገጽ ውጥረት ነው። ጠብታው እንዲላቀቅ በቂ ፍጥንጥነት ያስፈልጋል፤ ፍጥንጥነቱም ከማዕዘናዊ ፍጥነቱ ካሬና ከሰውነቱ ሬዲየስ ብዜት ጋር እኩል ነው። ሬዲየሱ ያነሰ እንስሳ ጉድለቱን በፍጥነት ማካካስ ግድ ይሆንበታል። ለአንድ ውሻ እናስላ። ቆዳው በሁለቱም አቅጣጫ 90 ዲግሪ እየዞረ በሴኮንድ 4.5 ጊዜ ቢመላለስ፣ መሃል ላይ ሲያልፍ ማዕዘናዊ ፍጥነቱ 44 ሬዲያን በሴኮንድ ይሆናል። ሬዲየሱን 10 ሴንቲ ሜትር ብንወስድ ፍጥንጥነቱ ከመሬት ስበት ሃያ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ውሻ ሲራገፍ ዓይኑን የሚጨፍነው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ውሻው ወደ ድንኳን ከመግባቱ በፊት ውጭ ከተራገፈ አብዛኛው ውሃ ሜዳ ላይ ይቀራል። ከገባ በኋላ ከተራገፈ ያው ውሃ ወደ መኝታ ልብሳችሁ ይሄዳል። ደግሞም ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በቆዳው ከሩብ ሊትር በላይ ውሃ ስለሚያተን፣ የአራት ሰው ድንኳን ያለ ውሻም ቢሆን ከውስጥ ይዘንባል። የአየር ማስገቢያውን መዝጋት ሙቀት የሚያተርፍ ይመስላል፤ የሚያተርፈው ግን ጤዛ ነው።

ድብ ባለበት አገር

«ይጠብቀናል» ለሚለው አስተያየት የራሴን ገጠመኝ ልጥቀስ። ለዶክትሬት ትምህርት ሰሜን አሜሪካ በነበርኩበት ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ሮኪ ተራሮች ውስጥ ሁለት ሌሊት አድረን ነበር። ሁለቱንም ቀን ዘነበ። ከመካከላችን አንዱ ውሻ ይዞ ነበርና ማምሻው ላይ ገመዱን ፈታው። ውሻው ወደ ቁጥቋጦው ገብቶ ሲጮህ ሰማነው፤ «ጎበዝ፣ እያባረረ ነው» ተባባልን። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ሸጉጦ ወደ እኛ በረረ፤ ከኋላው ጥቁር ድብ ይከተለው ነበር። ድቡ ተሰብስበን ቆመን ስንጮህ አይቶ ቆመ፤ ጥቂት አየንና ተመለሰ። ያን ሌሊት ዝናቡን ያስታወሰ አልነበረም።

የዚህ ዓይነቱ ነገር የእኛ ብቻ ዕድል አለመሆኑን በኋላ ተረዳሁ። የድብ ባሕርይ ተመራማሪው ስቲቨን ሄሬሮ ከባልደረባው ጋር የጥቁር ድብ ጥቃቶችን ሲመረምር፣ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ውሻ እንደነበረ፣ አብዛኛውም ያልታሰረ እንደነበረ ደርሶበታል። ጉዳዩ ግልጽ ነው፤ ውሻ ሲፈራ የሚሸሸው ወደ ጌታው ነው፤ የሚያሳድደውም አብሮ ይመጣል። ድብ በሴኮንድ 15 ሜትር ያህል መሮጥ ስለሚችል መቶ ሜትርን ለማለፍ ሰባት ሴኮንድ አይፈጅበትም። በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውሻ በእግር መንገዶችና በጫካው ውስጥ ጨርሶ አይፈቀድም፤ ከመኪና መንገድ ከ30 ሜትር በላይ እንዳይርቅና ከ1.8 ሜትር በማይበልጥ ገመድ እንዲታሰርም ደንቡ ያዛል። ምግብም ከድንኳን ርቆ፣ ተሰቅሎ ወይም በማይከፈት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ትራስ ሥር አይደረግም። ይህኛው ደንብ ጅብና ዝንጀሮ ባለበት አገርም ይሠራል።

ድብ በሌለበት አገር

በኢትዮጵያ ድብ የለም። በታሪክ ዘመን በአፍሪካ ምድር የነበረው ብቸኛው ድብ በሰሜን አፍሪካ በአትላስ ተራሮች ይኖር የነበረው ሲሆን እርሱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቷል። እንዲህ ከሆነ የተማሪው ሦስተኛ አስተያየት ትክክል ነውን? አይደለም፤ ምክንያቱም በባሌ አደጋው አቅጣጫውን ይለውጣል። በሮኪ ተራሮች ውሻው አውሬውን ወደ ሰው ያመጣል፤ በባሌ ደግሞ በሽታን ወደ አውሬው ያደርሳል።

የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከአገራችን ደጋ በቀር የትም የለም። ቁጥሩ ከ500 ያነሰ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ይኖራል። በኅብረት ይኖራል፤ አደኑን ግን ቀን ቀን ለብቻው ያካሂዳል፤ ዋና ምግቡም ፍልፈልና የሜዳ አይጥ ነው። በደም ለውሻ ቅርብ በመሆኑ የውሻ በሽታ ሁሉ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ሲገባ በጥናት ላይ ከነበሩ 53 ቀበሮዎች 41ዱ ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። በ2003 በወብ ሸለቆ በድጋሚ ተነሥቶ ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። በ2008 እና በ2014ም ተመልሷል። ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ ደግሞ በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ገብቷል። የበሽታው ምንጭ በአካባቢው የሚኖሩ ውሾች ናቸው። አርብቶ አደሩ ከብቱን ከጅብና ከነብር ለመጠበቅ ውሻ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ውሻውን ማስወገድ መፍትሔ አይሆንም፤ መከተብ እንጂ።

የወረርሽኝ ሒሳብ ከኑክሌር ሰንሰለታዊ ጽንፈግብር ጋር አንድ ነው ብል አንባቢ አይገረም። በዩራኒየም ውስጥ እያንዳንዱ ስንጥቀት በአማካይ ከአንድ በላይ ስንጥቀት ካስከተለ ሰንሰለቱ ያድጋል፤ ከአንድ በታች ከሆነ ይጠፋል። በውሾች መካከል የእብድ ውሻ በሽታ የመባዛት ቁጥር በአብዛኛው ከ2 አይበልጥም። ቁጥሩን 2 ብንለው ከውሾቹ ግማሽ ያህሉ ከተከተቡ አንድ የታመመ ውሻ በአማካይ የሚያሲዘው ከአንድ አይበልጥም፤ እሳቱም ይከስማል። የሚመከረው ግን ሰባ በመቶ መከተብ ነው፤ ቡችላ በየጊዜው ስለሚወለድና የተከተበው ስለሚሞት መጠኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ይወርዳልና። በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በአካባቢው ውሾችን ሲከትብ ቆይቷል፤ ከ2018 ጀምሮም ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተደረገ የአፍ ክትባት መስጠት ጀምሯል።

500 የማይሞላ ነገር ላይ ሲሠራ አማካይ ቁጥር አያጽናናም። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የገባ አንድ ውሻ ወረርሽኝ የማስነሣት ዕድሉ ትንሽ ነው። ነገር ግን ውጤቱ አንዴ ከደረሰ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ፣ ትንሽ ዕድል በማይተካ ኪሳራ ሲባዛ የሚገኘው ብዜት ትልቅ ነው።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ እየጻፍኩ ለጎረቤቴ ልጅ አስረዳሁት። «ቡቺ እኮ ተከትቧል» አለና ካርዱን አሳየኝ። ካርዱ ለእብድ ውሻ በሽታ ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ዲስቴምፐር አልተጠቀሰም። በተጨማሪም በወብ ሸለቆ ውሻና ቀይ ቀበሮ ተዳቅለው መገኘታቸው በዘረመል ምርመራ መረጋገጡን፣ ለዚህ ደግሞ ክትባት እንደሌለው ነገርኩት። እርሱም ሳቀ።

በነሐሴ አጋማሽ ያለ ውሻ ሄዱ። ሦስት ሌሊት አደሩ፤ ሁለቱን ዘነበባቸው። ድንኳኑ ተዳፋት ላይ ተተክሎ ነበርና ከታች አልረጠቡም፤ ሦስቱ ሱፍ ለብሰው ሲያድሩ በጂንስ ሱሪው የጸናው አራተኛው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ አነጋ። ውሃ በ87 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላባቸው ድንቹ አልበስል ብሎ አስቸግሯቸዋል፤ ይህን አስቀድሜ ሳልነግራቸው በመቅረቴ ወቅሰውኛል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከፍልፈል ጉድጓዶቹ አጠገብ አንድ ቀይ ቀበሮ ከቅርብ አይተው ነበር።

«ቆም ብሎ እንደ ውሻ ተራገፈ» አለኝ።

«በሴኮንድ ስንት ጊዜ?» አልኩት።

«ልቀርጸው ስልኬን አወጣሁ፤ ግን ስልኩ ራሱ ረጥቦ አልበራ አለኝ።»